እትዬ አሰለፈች የያዙልኝ ወንበር

በዚህ አገር ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቦታ የሚይዝና ቦታ የሚያዝለት። ቦታ የሚያዝለት ብዙ ነው፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። አርፍዶ ይመጣል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ከሰው መሃል አንዲት እጅ ስትውለበለብ ሲያይ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ የሰው እግር እየረገጠ ሄዶ ይቀመጣል። ቦታ የሚይዘው ግን ጥቂት ነው፤ በየሰፈሩ አንድ ቢገኝ ነው። እናንተም ሰፈር አንድ እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ። ለቅሶ ቤት አግዳሚ ላይ ቦርሳውን አጋድሞ ለሦስት ሰው ይይዛል። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል በር ላይ ደግሞ ገና ላልታመመ ሰው ተራ ይጠብቃል።

በእኛ ሰፈር፣ አዳማ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ አሰለፈች ናቸው። አባታቸው ይህን ስም ሲያወጡ ምን እንደታያቸው አላውቅም፤ ብቻ ሰውየው ነቢይ ሳይሆኑ አይቀሩም። እትዬ አሰለፈች ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ይህን ዕድሜ የፈጁት ራሳቸው ሲሰለፉና ሰው ሲያሰልፉ ነው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን ነፋሱ ከረዳው ወንጂ ይደርሳል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ንብረታቸው አንድ ጥቁር ጃንጥላ፣ አንድ የማያረጅ ፌስታልና አንድ ቃል ነው፤ «ሰው አለው!»

«ሰው አለው!» ካሉ አለቀ። ባዶውን ወንበር ባለሥልጣን ቢመጣ አይቀመጥበትም። አንድ ሰሞን ውኃ ጠፍቶ ቦቴ በመጣ ጊዜ ጀሪካን ላልደረሰለት ጎረቤት ሁሉ ድንጋይ ደረደሩለት። እያንዳንዱ ድንጋይ ስም ነበረው። አንድ ጎረምሳ ሳያይ አንዱን በእግሩ ገፋ ቢያደርገው፣ «አንተ! አቶ ኃይለየሱስን እኮ ነው የረገጥካቸው!» ብለው ጮኹበት። ልጁ ደንግጦ ድንጋዩን ይቅርታ ጠየቀ። ለቀብር ሞጆ በሄድን ጊዜ ደግሞ እድሩ የተከራየው አውቶቡስ ውስጥ ለሰባት ሰው ቦታ ያዙ። መያዣ ሲያልቅባቸው ሁለቱንም ጫማቸውን አውልቀው በሁለት ወንበር ላይ አስቀመጡ። የሟች ወንድም ሞጆ የደረሰው ቆሞ ነው።

እኔም ሥራ የያዝኩት በሳቸው ተራ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲመዘግብ ጎህ ሳይቀድ ሄደው ሁለተኛ ቆመው ነበር። መዝጋቢው ቀና ብሎ «ማዘር፣ ስፌት ይችላሉ?» ሲላቸው፣ «እኔ አልችልም፤ የሚችለው እየመጣ ነው» አሉት። የሚችለው የተባለው እኔ ነኝ። ቁልፍ እንኳ ተክዬ አላውቅም ነበር። ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ በባጃጅ ደረስኩና ከሦስት መቶ ሰው ፊት ገባሁ። ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እትዬን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። የሚቀጥለውን ስትሰሙ በማን ላይ እንዳደረግኩት እንድታውቁ ብዬ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ስመ ጥር ድምፃዊ ከነባንዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ አዳማ ኮንሰርት አዘጋጀ። ያኔ ፋብሪካው ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ሊዲ የምትባል ልጅ ነበረች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሳቋ ከመጋዘኑ ይሰማል፤ ስትስቅ እኔ የቆጠርኩት ሸሚዝ ይጠፋብኛል። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ኮንሰርት ትወዳለህ?» አለችኝ።

«ኮንሰርት? ኧረ እኔ ለኮንሰርት አዲስ አይደለሁም» አልኳት። «አዲስ አበባ ሲሆን የማመልጠው የለም።»

እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን በአካል የሰማሁት ዘፈን ቢኖር የሠርግ ድንኳን ኪቦርድ ነው። ሁለት ትኬት ገዛሁ። የጓደኛዬን የቆዳ ጃኬት ተዋስኩ። አዳማ፣ በሚያዝያ፣ በቀን፣ የቆዳ ጃኬት! ላቤ ከጀርባዬ እስከ ካልሲዬ ይወርድ ነበር። ለእናቴ ኮንሰርት እንደምሄድ፣ አንዲት ልጅም አብራኝ እንደምትሆን ነገርኳት። እናቴ ለእትዬ አሰለፈች ነገረቻቸው። እትዬ አሰለፈች የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር አሉ፤ «ቦታ ማን ያዘላቸው?»

ኮንሰርቱ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል። ትኬቱ ላይ ስምንት ሰዓት ይላል። እኔና ሊዲ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። ከመድረኩ ፊት የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ቁጥር የላቸውም፤ ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል። ሁሉም ሞልቷል። ከኋላ የቆመው ሰው አቧራ ውስጥ ይተሻሻል። ሊዲ የፀሐይ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ስታማትር፣ እንደለመደ ሰው «አይዞሽ፣ እንደዚህ ነው ሁልጊዜ» አልኳት።

ያኔ ነው ድምፁ የመጣው።

«ድብልብሌ! ድብልብሌ! እዚህ ነኝ!»

ድብልብል የልጅነት ስሜ ነው። ከሰፈራችን ውጪ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ዞር አልኩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ልክ መሃል፣ እትዬ አሰለፈች በአንድ እግራቸው ጫማ ቆመው ጃንጥላቸውን ያውለበልባሉ። ሌላኛው ጫማቸው ግራ በኩል ያለው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ በኩል ያለው ላይ ፌስታሉ አለ። ፊታቸው ከፀሐዩ ብዛት ደም መስሏል። በኋላ እንደሰማሁት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነበሩ።

«ቶሎ ና! ልጅቷንም ይዘሃት ና! ከፊት ነው የያዝኩልህ፤ የመጀመሪያህ አይደል፣ እንዳይጨንቅህ ብዬ! ዳቦ ቆሎም ይዣለሁ!»

በዙሪያችን ያለው ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላዬ «ድብልብሌ፣ ዳቦ ቆሎህን ሂድ ብላ» አለ። ሊዲ ወደ እኔ ዞረች። እየሳቀች ነበር፤ በክፋት አልነበረም። «አንተን ነው እንዴ?» አለችኝ።

«እኔን? ኧረ ምን…» አልኩ።

ይህን ስል አንድ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ አስተባባሪ እትዬ ፊት ቆሟል። ጎረምሳው ከሳቸው ጋር ሲጨቃጨቅ ነው የዋለው። «ማዘር፣ ሰው አለው፣ ሰው አለው ሲሉኝ ዋሉ። ዛሬ ቦታ የሚሸጡ አሉ ተብለናል። የታል ሰውየው?»

«ይኸው መጣልህ!» አሉ እትዬ አሰለፈች፤ በኩራት። በጃንጥላው ጫፍ እኔን አሳዩት። ወንበሮቹ ላይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አስተባባሪው በሰው መሃል ሰንጥቆ እስከቆምንበት መጣ። «ወንድም፣ እኚህን እናት ታውቃቸዋለህ?»

ያችን ቅጽበት ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንደመለስኳት አትጠይቁኝ። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር። አዎ ማለት ነው፤ ሁለት ፊደል። ግን የቆዳ ጃኬቱ ነበር፤ ሊዲ ነበረች፤ ያ «አዲስ አይደለሁም» ያልኩት ነበር።

«አላውቃቸውም» አልኩ።

ልብ በሉ፣ አላውቃትም አላልኩም። ጨዋ አድርጎ ያሳደገኝ ሰፈር ስለሆነ የካድኳቸው በአንቱታ ነው።

እትዬ አሰለፈች ሰሙ። ሁለተኛው ረድፍ ሩቅ አልነበረም። አሁን ይዘረግፉታል ብዬ ጠበቅኩ፤ አንገቴን በቅቤ ያሹት እሳቸው እንደሆኑ፣ ትክትክ ሲይዘኝ ያዘሉኝ እሳቸው እንደሆኑ፣ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው እንደሆኑ። ቢሉት መብታቸው ነበር። ጃንጥላውን ቀስ ብለው አወረዱት። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሊዲን አዩ። ከዚያ ከወገባቸው ጎንበስ አሉና፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ» አሉኝ። «ፀሐዩ ነው ዓይኔን የያዘኝ። የማውቀው ልጅ መስለውኝ ነው።»

ከተወለድኩ ጀምሮ አንተ ያሉኝ ሴት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንቱ አሉኝ።

«ታዲያ ቦታ ሊሸጡ ነበራ!» አለ አስተባባሪው። ሕዝቡ አጉረመረመ። «አይ ማዘር፣ በዚህ ዕድሜዎ?» ያለም ነበረ። እትዬ አሰለፈች በሕይወታቸው በሰልፍ ጉዳይ ሳይከራከሩ የቀሩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ጫማቸውን አደረጉ፣ ፌስታላቸውን አነሱ፣ «አሳልፉኝ ልጆቼ» እያሉ በሰው መሃል ወጡ። የራሳቸውን ወንበርም ትተው ወጡ። ትኬት እንደነበራቸው ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም።

አስተባባሪው ወደ እኔና ወደ ሊዲ ዞረ። «እናንተ ሁለታችሁ ኑ፣ ቁጭ በሉ» አለን።

ተቀመጥን። ግቢው ውስጥ ያለው ወንበር ሁሉ የአዳማን አቧራ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። የእኛ ሁለቱ ግን ነጭ ነበሩ። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ በነጠላው ጫፍ ሲጠርጋቸው ውሏል።

ድምፃዊው አሥር ሰዓት ላይ ወጣ። ሕዝቡ ተነሳ። ሊዲ ወንበሩ ላይ ቆማ ጨፈረች፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ሲያጨበጭብ አየው ነበር። በዚህ ቦታ ላይ «አልቻልኩም፣ ተነሥቼ ወጣሁና ፈለግኳቸው» ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልተነሣሁም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ቀረሁ። የስፒከሩ ባስ ደረቴን ሲደልቀው፣ መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ ትዝ ይለኛል። ከዘፈኑ ግን አንዲት ስንኝ ጆሮዬ አልገባም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስንወጣ ከቆርቆሮው አጥር ውጪ ትኬት ያልደረሰው ሰው ተኮልኩሎ ነበር። ከመሃላቸው፣ አንድ ድንጋይ ላይ፣ እትዬ አሰለፈች ተቀምጠዋል። ወደ ቤታቸው አልሄዱም ነበር። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሊዲ ክንዴን ይዛለች። እትዬ ክንዴን አዩ፤ ከዚያም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ጋረዱ። ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታ ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ «ያዙላችሁ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እሳቸውም ገና አሁን አልፈው ነገሩኝ። ‹ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርን፤ ልጁም ደስ ብሎት አየሁት› አሉኝ። አብረሃቸው በመሆንህ ደግ አደረግክ። እሳቸው እኮ ኮንሰርት የሚባል ገብተው አያውቁም። የዚያን ሰውዬ ካሴት በወጣትነታቸው እስኪበጠስ ነው የሰሙት። ትኬቱ መሸጥ በጀመረበት ቀን ሄደው ነው የገዙት።»

ራት አልበላሁም። «ራሴን አሞኛል» አልኩ፤ ያም ውሸት ነበር፤ ያመመኝ ራሴ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በሳቸው በር ማለፍ ተውኩ። በአስፋልቱ ዞሬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ የአምስት ደቂቃው መንገድ ሃያ ይፈጃል። በእናቴ በኩል ሰላምታ ይልኩልኝ ነበር። «ምነው ልጁ ጠፋ፤ ሥራ በዛበት?» ይላሉ። ሰላምታቸው በመጣ ቁጥር ከስድብ ይብስብኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሊዲ ምሳ ላይ ለባልደረቦቻችን የኮንሰርቱን ወሬ ታወራለች። «አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ቦታ ሻጭ። እሱን አይታ ‹ድብልብሌ!› አትልም!» ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ቦታ ሻጭ። ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። ለብቻዋ ሳገኛት ሁሉንም ነገርኳት፤ ድብልብልም እኔ እንደሆንኩ፣ ኮንሰርትም የመጀመሪያዬ እንደነበረ፣ ሴትየዋም ማን እንደሆኑ።

ሊዲ አልሳቀችም። «ያን ያደረግከው እኔን አፍረህ ነው?» አለችኝ።

«አንቺን እንኳ አይደለም፤ አንቺ እንዳትንቂኝ…»

«እና እኔን ምን አድርገህ ብታየኝ ነው? ዳቦ ቆሎ የያዘች እናት አይቼ የምንቅ ሰው አደረግከኝ? እኔንም አብረህ ነው ያዋረድከኝ።» ሳህኗን አነሣች። «ወንበሩ ላይ ቆሜ ጨፍሬበታለሁ እኮ!»

ከዚያ በኋላ ሰላምታችን የቢሮ ሰላምታ ሆነ። ይገባኛል።

በዚያው ቅዳሜ ጠዋት ሸማቾች ሱቅ ዘይት መጥቷል ተባለ። እትዬ አሰለፈች የት እንደሚገኙ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሰልፉ ከሱቁ በር ጀምሮ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተጠምዝዟል፤ እሳቸው ሦስተኛ ናቸው፤ ሁለት ድንጋይና አንድ ጀሪካን ከኋላቸው አሉ። በሰልፉ ጎን ወደ ፊት ሄድኩ።

ተሰላፊው ወዲያው ነደደ። «ወዴት ነው? ተራህን ያዝ!» አሉኝ። ከድንጋዮቹ ቀጥሎ የቆሙት ኦቦ ሰንበታ፣ በእርሻ ያረጁ ትልቅ ሰው፣ ከዘራቸውን ዘርግተው ከለከሉኝ። «ያ ጉርባ፣ ዱበቲ ዴቢኢ! ወደ ኋላ! ማን ነህ አንተ?»

ለመሆኑ ማን ነኝ ልበል?

እትዬ አሰለፈች ዞሩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ ድካም ብቻ አገኘሁ።

«ተዉት» አሉ። «ሰው አለው።»

ከዘራው ወረደ። ቀረብኩና ቆምኩ። ያሰብኩት በጆሯቸው ሹክ ልላቸው ነበር። ግን የካድኳቸው ጮክ ብዬ ነው፤ ሹክሹክታ አይበቃም።

«እትዬ፣ ያን ቀን አውቄዎት ነበር» አልኩ። «አውቄዎት ነው አላውቃቸውም ያልኩት። ቦታ ሻጭ ሲሉዎትም ዝም አልኩ። የያዙልኝ ወንበር ላይም ተቀመጥኩ።»

ሰልፉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ለዘይት የቆመ ሰው የሰው ጉዳይ ሲያገኝ እንዴት እንደሚያዳምጥ ታውቃላችሁ። ኦቦ ሰንበታ «ካዳቸው ነው የሚለው?» ብለው ከኋላቸው ያለችውን ሴት ጠየቁ። «ካዳቸው» አለች። «ዋቃዮ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር።

«በቃ፣ በቃ» አሉ እትዬ አሰለፈች። «ዘይቱ ሳይመጣ ለቅሶ አታምጣብን። ማወቅህንማ እኔም አውቃለሁ፤ ዓይኔ አልታወረ። ጎረምሳ ነህ፤ ከሴት ጋር ነህ፤ እኔም አፌን ያለ ልክ ከፈትኩት። በል አፍንጫህን ጥረግ።» ነጠላቸውን ለመስጠት አሰቡና ተዉት። «በራስህ መሐረብ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ብዙ ቀን ሲያሳስባቸው እንደቆየ ነገር፦

«እሱን ተወውና፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያ ጄነሬተር ጮኸብኝ። አጥሩ አጠገብ ነበር የተከሉት። ያችን ስለ ባቡር ጣቢያው የሚያወራትን ከግማሽ በኋላ አልሰማሁም። እንዴት አድርጎ ጨረሳት?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እንዴት አታውቅም? ሁለተኛው ረድፍ ላይ አልነበርክም?»

«ነበርኩ። አንድም ዘፈን አልሰማሁም። እርስዎን ብቻ ነው ሳስብ የነበረው።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሆዳቸው፤ ከዚያ ያ ወንጂ የሚደርስ ድምፃቸው በሳቅ ፈነዳ። «ታዲያ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ከሁለታችን ኮንሰርት የገባው ማን ነው?»

ዘይቱን የጫነው መኪና እስኪራገፍ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። በዚያ አንድ ሰዓት ተኩል እትዬ አሰለፈች ኮንሰርቱን ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩኝ። ድምፃዊው ሲወጣ «አዳማ፣ እንዴት ናችሁ፣ አካም ጅርቱ!» እንዳለ፣ ሕዝቡ ሲመልስለት ቆርቆሮው እንደተንቀጠቀጠ ነገሩኝ። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ድምፁ ትንሽ ሻክሮበት እንደነበር፣ «አርጅቷል መሰለኝ» ብለው እንደሰጉ፣ በሁለተኛው ግን እንደድሮው እንደሆነላቸው። አጥሩ ሥር አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች ከሳቸው ጋር እንደጨፈሩ። የሚነግሩኝን ደግሞ ይዘፍኑልኛል። ድምፃቸው ለዘፈን አልተፈጠረም፤ ለትእዛዝ ነው የተፈጠረው። ግን ኦቦ ሰንበታ በከዘራቸው መሬቱን መምታት ጀመሩ፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች አጨበጨቡ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደረሱ። የባቡር ጣቢያዋን ዘፈን እስከ መሃሏ ዘለቁና ጄነሬተሩ የጮኸበት ቦታ ላይ ቆም አሉ። ሰልፉ ሁሉ ጠበቃቸው። አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ የቀረውን ግማሽ ከራሳቸው አውጥተው፣ ቤት እየመቱ፣ ልጅቷን ከባቡሩ አውርደው፣ ጣቢያው ላይ ከሚጠብቃት ሰውዬ ጋር አገናኝተው ጨረሱት።

ዛሬ ሰው ስለ መጀመሪያ ኮንሰርቴ ሲጠይቀኝ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ እሳቸው የነገሩኝን። በኋላ ዘፈኑን ስልኬ ላይ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። ልጅቷ ከባቡሩ አትወርድም። እኔ ግን የእትዬ አሰለፈችን አጨራረስ ነው የምወደው።